መርፌዋ 12 ላይ ስትቆም

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ቡሬ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ፎቶው ላይ የቫኪዩም ጌጅ ይታያል፤ ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ስበት በሜርኩሪ ኢንች የምትለካ መሣሪያ ናት። መርፌዋ 12 ላይ ቆማለች። ከሥሩ «ጋሼ፣ መኪናው አሮጌ ዲኤክስ ነው። መጽሐፉ ከ17 በላይ መሆን አለበት ይላል። ሞተሩ አልቋል መሰለኝ፣ እናውርደው?» ብሎ ጽፏል።

መልስ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጁ ሳያውቅ የነካው ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፍ።

ነገሩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደብረ ማርቆስ የራሴን ጋራዥ በከፈትኩ በዓመቱ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ባለካርቡራተር አሮጌ ኮሮላ ይዘው መጡ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጧት ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። ነዳጅ ሲሰጧት ግን ትስተካከላለች። መምህሩ ቁልፉን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ፍሬኑም ደርቆብኛል። አባይ በረሃን ስወርድ በሁለት እግሬ ነው የምረግጠው» አሉኝ። እኔም «ያረጀ መኪና ነው ጋሼ፣ ይደርቃል» ብዬ አለፍኩት።

እውነቱ በሙሉ እዚያች ንግግር ውስጥ ነበር። ሰውዬው በሽታውን ነግረውኛል።

እኔ ግን ልቤ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት ጌጅ ላይ ነበር። ከ17 እስከ 22 ያለው ቦታ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ማኒፎልዱ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቧንቧ ላይ ሰካኋት። መርፌዋ 7 ላይ ቆመች። መጽሐፉን ገለጥኩ። መርፌ ዝቅ ብላ ከቆመች ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቆ ሊሆን ይችላል ይላል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ወይም የዘገየ ማቀጣጠያም ሊሆን እንደሚችል አብሮ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ያዝኩ። መኪናዋ ጭስ የላትም። ዘይትም አትበላም። የኮምፕሬሽን መለኪያ ከጎረቤት መዋስ እችል ነበር። አልተዋስኩም። «ጋሼ፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» አልኳቸው።

ብር አልነበራቸውም። ቢቸና አካባቢ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ የተከሉት ባህር ዛፍ ነበራቸው። ለልጃቸው ቤት መሥሪያ ያቆዩት ነው። እሱን አስቆርጠው ሸጡ።

ሞተሩን አወረድኩ። ፋሻ ቀየርኩ። ቫልቭ አሠራሁ። በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ጓርኒሲዮን ሁሉ አዲስ ሆነ። የወጡትን ፋሻዎች ሳያቸው ብዙም አልተበሉም። ዓይኔ አይቷል፣ እኔ ግን ማመን አልፈለግኩም። መልሼ ገጠምኩ፣ አስነሳሁ፣ ጌጇን ሰካሁ። 7።

ሠራተኞቹን አሰናብቼ ብቻዬን ቀረሁ። የዚያን ምሽት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ከካፖርታቸው ኪስ አትጠፋም ነበር። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ሌላውን ሞተሩ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዞራሉ። እሳቸው ሲያዳምጡ ማንም አያወራም። ሻይ የምታመጣው ልጅ እንኳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጎበዝ ሰው ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ሳያዳምጡ ቁልፍ ሲያነሱ አይቼ አላውቅም።

እኔም ቱቦ ቆርጬ እንደ እሳቸው አደረግኩ። ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮው፣ በሞተሩ ስበት ፍሬኑን ወደሚያቀልለው ዕቃ፣ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጋ ስደርስ አየር ሲሳብ ሰማሁ። በሰርቮው በኩል፣ ክሊፑ ሥር ተሰንጥቋል። ሞተሩን ሳወርድ በራሴ እጅ ነቅዬ፣ በራሴ እጅ መልሼ የሰካሁት ቱቦ ነው። ከስንጥቁ በፊት በፒንሳ ቆንጠጥ ሳደርገው ሞተሩ ጸጥ አለ። መርፌዋ 12 ገባች። ቱቦውን አስተካከልኩት።

መምህሩ በማግስቱ ነድተው ተመለሱ። ደስ ብሏቸዋል። «ፍሬኑም ቀለለልኝ እኮ!» አሉኝ። እኔም «አዎ ጋሼ፣ ሞተሩ ሲታደስ ሁሉም ይስተካከላል» አልኳቸው። እጅህ ይባረክ ብለው መርቀውኝ፣ ሙሉ ሒሳብ ከፍለው ሄዱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። እውነቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ።

መርፌዋ ለምን 17 እንዳልደረሰች የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ጌጇን በራሴ መኪና ላይ ሰክቼ፣ ረዥም ቱቦ ቀጥዬ ጋቢና ውስጥ አስገባኋት። ደጀን ላይ ቆሜ በሚኒሞ አነበብኩ። አባይ ድልድይ ወርጄ እንደገና አነበብኩ። ያኔ አዲሱ ድልድይ ገና አልተሠራም። መርፌዋ አራት ያህል ጨምራለች። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። አረንጓዴው ቀለም የተቀባው ባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ስምንት ያህል ቀንሱ። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ስለሆነች ስድስት። እንደ እኛ ከፍ ላለ አገር 12 ጤነኛ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ የመርፌዋን አኳኋን እዩ። በየተራ ዝቅ እያለች የምትመለስ ከሆነ አንድ ቫልቭ አይዘጋም። ነዳጅ በድንገት ሰጥታችሁ ስትለቁ ከቀድሞው በላይ ዘልላ ከተመለሰች ፋሻው ደህና ነው። እኔ ያን ቀን ይህን ብቻ ባደርግ ባህር ዛፉ አይቆረጥም ነበር።

የዛሬ ልጆች ዕቃ መቀየር ትቸኩላላችሁ። ጆሯችሁ ውስጥ ማዳመጫ አድርጋችሁ ሞተር ሥር ትገባላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ቱቦ ሲፏጭ እንዴት ልትሰሙ ነው? ደግሞ እውነት ለመናገር ያኔ እኔም እንደ እናንተ ፎቶ የምልክለት ሰው ቢኖረኝ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር። ስልኩን አትተዉት። ማዳመጫውን ግን አውልቁ።

ቀዳዳ ስትፈልጉ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እሳት ነው፣ በፍጹም አታድርጉት። የሳሙና ውሃ ይበቃል። ውሃው በተሳበበት ቦታ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ለሰርቮው ደግሞ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን እስኪደርቅ ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሡ አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ቱቦውን ወይም ሰርቮውን ጠርጥሩ። ካንዴላ እዩ ብዬ አልነግራችሁም፣ ያንን ታውቃላችሁ።

ለቡሬው ልጅ ደወልኩለት። «12 ለቡሬ ደህና ነው፣ ሞተሩን እንዳትነካ» አልኩት። ከዚያ «ባለመኪናው ሲያስረክብህ ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ዝም አለ። «አልጠየቅኩትም ጋሼ» አለኝ።

«ሂድና ጠይቀው። ሳታቋርጥ አስጨርሰው፣ ከዚያ ደውልልኝ» አልኩት።