የደበዘዘው ምስል፦ ለወጣት የባዮሎጂ ተማሪዎች

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። «አንጎል የሌለው ፍጥረት 24 ዓይን ምን ያደርግለታል?» ትላለች። የምትጠይቀኝ ቦክስ ጄሊፊሽ ስለሚባለው፣ አካሉ ለስላሳና ሣጥን መሰል ስለሆነው የባሕር እንስሳ ነው። መልሱን ከማሰቤ በፊት አንድ የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ተማሪ ሳለሁ አብሮኝ ቤተ ሙከራ የሚገባ ጓደኛ ነበረኝ። እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ነው። በማይክሮስኮፕ ያየውን ሁሉ በእርሳስ ይሥላል። እኛ አይተን ስንነሳ እሱ ገና ጥላውን እያጠቆረ ይቀመጣል። አንድ ቀን በስሱ የተቆረጠ የቦክስ ጄሊፊሽ ዓይን እንድናይ ተሰጠን።

እንስሳው አራት ጎን አለው። በእያንዳንዱ ጎን ሮፓሊየም የሚባል ትንሽ አካል ተንጠልጥሏል። በእያንዳንዱ ሮፓሊየም ላይ ደግሞ 6 ዓይኖች አሉ። አራቱ ሌንስ የሌላቸው፣ ጉድጓድና ስንጥቅ መሰል ቀላል ዓይኖች ናቸው። ሁለቱ ግን ያስደነግጣሉ። እንደ እኛው ኮርኒያ፣ ሌንስና ምስሉ የሚያርፍበት ሬቲና አላቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ያያል።

ጓደኛዬ ሲሥል ቆይቶ እርሳሱን አስቀመጠ። «ሬቲናው ለሌንሱ በጣም ቀርቧል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሌንሱ ብርሃኑን የሚሰበስበው ከሬቲናው ጀርባ ከሆነ፣ ሬቲናው ላይ የሚያርፈው ምስል ደብዛዛ ነው ማለት ነው። እጁን አወጣና መምህራችንን ጠየቀ። «ምስሉ መደብዘዙ ለእንስሳው የሚጠቅመው ቢሆንስ?»

መምህሩ ሥዕሉን እንኳን አላየም። «ጥንታዊ እንስሳ ነው። ዓይኑም ያላለቀ ዓይን ነው። ወደ ሥራህ ተመለስ» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ጓደኛዬ ደብተሩን አጠፈ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱን ቀይሮ ሄደ። ዛሬ በሌላ ሙያ ደህና ኑሮ ይኖራል። ያን ቀን ግን ባዮሎጂ አንድ ትልቅ ተመራማሪ ያጣ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የዓይን ተመራማሪው የዳን-ኤሪክ ኒልሰን ቡድን ጥናቱን በኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። የተጠናው ትሪፔዳሊያ ሲስቶፎራ ነው። በካሪቢያን ባሕር ዳር፣ ማንግሮቭ በሚባሉት ሥራቸው ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚቆም ዛፎች ሥር የሚኖር፣ ቁመቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ቦክስ ጄሊፊሽ ነው። የሌንሱ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛው ነው። መሐሉ ላይ ብርሃንን አብዝቶ ያጎብጣል፣ ወደ ዳር ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ብርሃኑን በጣም ንጹሕ አድርጎ ይሰበስባል። ሬቲናው ግን ከዚያ ቦታ ቀድሞ ተቀምጧል።

ለምን? ውሃው ውስጥ ሥፍር ቁጥር የሌለው ጥቃቅን ነገር ይንሳፈፋል። ያን ሁሉ አጥርቶ ቢያይ በምን ነርቭ ይለየዋል? ደብዛዛው ምስል ትንንሹን ያጠፋና ትልቁን ያስቀራል። የማንግሮቩ ሥር፣ የዛፉ ጥላ፣ የብርሃኑ ጨረር ይታያል። የሚበላቸው ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት የሚሰበሰቡት በሥሮቹ መካከል በሚገባው ብርሃን ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዷን ኮፔፖድ ማየት አያስፈልገውም። ብርሃኑን ካገኘ ምግቡን አገኘ።

ጽሑፉን ለጓደኛዬ ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም።

ወደ ላይ የሚያየው ዓይን ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ሮፓሊየሙ ከታች ከባድ ክሪስታል አለው። አካሉ ቢገለበጥ እንኳ ሮፓሊየሙ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ያ ዓይን ምንጊዜም ሰማይ ሰማይ ያያል። ከውሃ ውስጥ ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ፣ የውጭው ዓለም በሙሉ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክብ መስኮት ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪው አንደርስ ጋርምና ባልደረቦቹ በካሪቢያኗ ፑርቶ ሪኮ ያሳዩት የሚከተለውን ነው። ጄሊፊሹ ከዛፎቹ 8 ሜትር ያህል ቢርቅም፣ የቅርንጫፎቹን ጥላ በዚያ መስኮት አይቶ ወደ ቤቱ ይዋኛል። በባሕር ውስጥ እየኖረ በየብስ ምልክት መንገዱን ያገኛል!

የዛሬ ልጆች መልስ ለማግኘት ፈጣኖች ናችሁ። ጥያቄ ይዞ መቆየት ግን ይከብዳችኋል። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ አትሥሉም። ማየት የሚመጣው ደግሞ እጅ ሲዘገይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ፍራንክሊን ኮናንት የሚባል ወጣት አሜሪካዊ እነዚህን እንስሳት ጃማይካ ድረስ ሄዶ አጥንቷል። በ1897 ቢጫ ወባ ገደለው። ማስታወሻዎቹን ሌላ ተመራማሪ በ1900 አሳተማቸው። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ቢሆንም የእኛ ዘመን ይሻል ነበር አልልም። እኛ መምህር ሲቆጣን ዝም እንል ነበር። እናንተ ለማታውቁት ሽማግሌ ጥያቄ ትልካላችሁ። ይህ ድፍረት እኛ ዘንድ ቢኖር ኖሮ ጓደኛዬ ባልሄደ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። «አንጎል የለውም» ስትዪ ተጠንቀቂ። በአንድ ቦታ የተሰበሰበ አንጎል የለውም። በእያንዳንዱ ሮፓሊየም ግን 1,000 ገደማ ነርቭ ሴሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎቹ ያን ቢየለትስኪ፣ ጋርምና ባልደረቦቻቸው እንስሳውን ግድግዳው በግራጫና በነጭ መስመር የተቀባ ክብ ገንዳ ውስጥ ጨመሩት። ግራጫው መስመር ሩቅ ያለ የማንግሮቭ ሥር ይመስላል። መጀመሪያ ይጋጫል። በ7.5 ደቂቃ ውስጥ ግን ግጭቱ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ሮፓሊየሙን ለብቻው አውጥተው የሚንቀሳቀስ ግራጫ መስመር አሳዩት። ዝም አለ። መስመሩ ሲመጣ ግጭትን የሚመስል ደካማ ኤሌክትሪክ አብረው ሲሰጡት ግን የመሸሽ ምልክት መላክ ጀመረ። የሚያየውም የሚማረውም እዚያው ነው።

እኔ እንደ አንቺ ወጣት ብሆን ከዚህ እነሣ ነበር፦ አንዱ ሮፓሊየም የተማረውን ሌሎቹ ሦስቱ እንዴት ያውቁታል?