ጥያቄና መልስ፦ በሊኑክስ ሁለት መስመር ላይ ትራፊክን እንደ ዓይነቱ መላክ

ከደብረ ማርቆስ ሆኜ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አደራ፦ ራውተሩን በርቀት ገብታችሁ አትነካኩ፤ ከተሳሳታችሁ መስመሩ ተቋርጦ ውጭ ትቀራላችሁና ማሽኑ ፊት ተቀመጡ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ የድምፅ ጥሪ በፋይበሩ፣ ሌላው በሞባይሉ መስመር እንዲሄድ ፈልጌ ነበር። «አይፒ ሩል» (የመንገድ መምረጫ ደንብ ማስገቢያው ትእዛዝ) ላይ ቲኦኤስ (የፓኬቱ የአገልግሎት ዓይነት ምልክት) 184 ብዬ ስጽፍ አይቀበለኝም።

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። በአይፒ ራስጌ (ፓኬቱ ፊት በሚቀመጠው መረጃ) ውስጥ ያ ቲኦኤስ የተባለው አንድ ባይት ሁለት ዘመን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአርኤፍሲ 1349 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) መሠረት 16 ማለት «መዘግየት ይቀነስ»፣ 8 ማለት «ፍሰት ይጨመር» ነበር። በ1998 አርኤፍሲ 2474 ላይኞቹን 6 ቢቶች ለዲኤስሲፒ፣ ማለት ለአዲሱ የአገልግሎት ደረጃ ቁጥር፣ ሰጣቸው። የድምፅ ጥሪ ዲኤስሲፒው 46 ነው፤ ሁለት ቢት ወደ ግራ ሲገፋ 184 ይሆናል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስልክ በቲሲፒደምፕ (ፓኬት ማያ ፕሮግራም) ሳየው ይኸው ቁጥር ነው የሚወጣው። የ«አይፒ ሩል» ቲኦኤስ ግን ዛሬም የሚያውቀው የድሮዎቹን ቢቶች ብቻ ስለሆነ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ይመልስሃል። አዲሶቹ ከርነሎች ለዲኤስሲፒ የራሱን ማዛመጃ ጨምረዋል፤ ያንተ አሮጌ ከሆነ በማርክ (ፓኬቱ ላይ በሚለጠፍ ውስጣዊ ቁጥር) ሥራ። በአይፒቴብልስ (የፓኬት ማጣሪያና ማሻሻያ መሣሪያ) ማንግል ሠንጠረዥ፣ ፕሪራውቲንግ (መንገድ ከመመረጡ በፊት ያለው ደረጃ) ላይ ዲኤስሲፒ 46 የሆነውን ማርክ 1 ስጠው፤ ቀጥሎ «አይፒ ሩል አድ ኤፍደብሊውማርክ 1 ቴብል 100»፤ የመንገድ ሠንጠረዥ 100 ውስጥ የፋይበሩን ነባሪ መውጫ አስገባ። ከማሽኑ ከራሱ የሚነሣ ፓኬት በፕሪራውቲንግ አያልፍም፤ ለእሱ አውትፑት ላይ ጻፍ። በርቀት ግን አትሞክረው።

ከዳንግላ፦ ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው መስመር? ምን ስትሠራ? የ«አይፒ ሩል ሾው» ውጤት ሳይያዝ አትጠይቁኝ።

ከቡሬ፦ ፓኬቱ በፋይበሩ ሲወጣ አያለሁ፤ ምላሹ ግን አይደርስም።

መልስ፦ አርፒ ፊልተር (ፓኬት በትክክለኛው መስመር መምጣቱን የሚያጣራው የከርነል ቅንብር) 1 ላይ ነው። ምላሹ በፋይበሩ ሲገባ ከርነሉ ዋናውን ሠንጠረዥ አይቶ «ይህ በሞባይሉ መምጣት ነበረበት» ብሎ ይጥለዋል። 2 አድርገው። ማስከሬድም (የላኪውን አድራሻ በመውጫው አድራሻ የሚተካው) በሁለቱም መውጫ ላይ መኖሩን እይ።

ከባሕር ዳር፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በቲሲ (የሊኑክስ የትራፊክ ማስተናገጃ ትእዛዝ) ወረፋ ማስያዝ ይበቃል።

ከቡሬ፦ ወረፋ አንዱን መስመር ሁለት አያደርገውም!

ከባሕር ዳር፦ አንዱ መስመር በደንብ ከተያዘ ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ቲሲ ተራ ያስይዛል፤ ራውቲንግ መንገድ ይመርጣል። አባይ በረሃ ላይ መኪና ተሰልፎ ቢጠብቅ መንገዱ ያው አንድ ነው። ጥሪ የሚቆራረጥበት ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል።

ከደጀን፦ ወንድሜ፣ በዊንዶውስስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለሚያውቁት ተዪው።

ከሞጣ፦ ቲኦኤስ 184 አልቀበልም አለኝ።

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ለመሆኑ የት ሆነህ ነው የምትሠራው?

ከሞጣ፦ ከቤቴ፣ በርቀት ገብቼ።

መልስ፦ ተነሥና ወደ ማሽኑ ሂድ።