ተርኪ ለሚታደንበት ሾትገን ስኮፕ ይሻላል ወይስ ዶቃዋ ትበቃለች?

ጥያቄውን የላኩልን በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ ከታች በኩል የማንበቢያ ክፍል ያለው መነጽር ያደርጋሉ፤ በወጣትነታቸው ውትድርና ላይ ሳሉ በክላሽ ተኩሰዋል። አሁን የያዙት ሞስበርግ 500፣ ባለ 12 ጌጅ፣ በርሜሉ 28 ኢንች የሆነ ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች የሚተፋ ጠመንጃ) ሲሆን ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው አንዲት የናስ ዶቃ ብቻ ናት። ባለፈው ፀደይ ሠላሳ ያርድ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አውራ ተርኪ (የዱር ቱርክ ዶሮ) ስተዋል። አንድ ወዳጃቸው ከአጋዘን ጠመንጃው ላይ የፈታውን፣ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚያጎላ ስኮፕ በርካሽ ልሽጥልዎ ስላላቸው፣ ይግዙት ወይስ በዶቃዋ ይቀጥሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልሴ ስኮፑን አይግዙት የሚል ነው። ይሁን እንጂ የሳቱበት ምክንያት በወረቀት ላይ ሳይረጋገጥ በዶቃዋ መቀጠሉንም አልመክርዎትም። እንደሚመስለኝ የእርስዎ ችግር ወፉን አጉልቶ አለማየት አይደለም፤ ሠላሳ ያርድ ላይ የቆመ ተርኪ ለማንም ይታያል። የጎደለዎት ጥይቱ በትክክል የት እንደሚያርፍ የሚነግርዎት፣ ካስፈለገም ሊስተካከል የሚችል ማነጣጠሪያ ነው።

ሾትገን በመጀመሪያ የተሠራው ለሚበር ወፍ ነው። ተኳሹ ዓይኑን ከወፉ ላይ ሳይነቅል ጠመንጃውን ወደ በረራው አቅጣጫ ያወዛውዛል፤ ዶቃዋን እንኳ በቅጡ አያያትም፤ ከቱቦው የሚወጡት ፍሬዎችም ሰፋ ብለው ስለሚበተኑ ትንሽ ስሕተት ይቅር ይባላል። ተርኪ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወፉ ቆሟል፤ የሚመታው ጭንቅላቱና አንገቱ ብቻ ነው፤ ገላውን ቢመቱት ወፍራሙ ላባና ጡንቻው ፍሬዎቹን ስለሚያዳክማቸው ቆስሎ ያመልጣል፤ ቢወድቅም ሥጋው በእርሳስ የተበሳሳ ይሆናል። ፍሬዎቹ ተሰብስበው እንዲሄዱ አዳኞች በአፈሙዙ ጫፍ ቾክ የሚባል ማጥበቢያ ይገጥማሉ። የ12 ጌጅ ቱቦ ውስጣዊ ስፋት 0.729 ኢንች ገደማ ሲሆን የተርኪ ቾክ ወደ 0.660 አካባቢ ያጠበዋል። በዚህ የተነሣ ሃያ ያርድ ላይ የፍሬዎቹ እምብርት እጅግ ጠባብ ስለሚሆን፣ መሣሪያው ስሙ ሾትገን ይሁን እንጂ የሚጠየቀው አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ጠመንጃ ዓይነት ትክክለኛነት ነው።

አሁን ወደ ዶቃዋ እንመለስ። በክላሽ ሲተኩሱ ከኋላ ክፍተት፣ ከፊት ጉጥ ነበረዎት፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጠመንጃው ወዴት እንደዞረ ያለ ጥርጥር ያውቃሉ። ዶቃ ብቻ ባለው ሾትገን ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ የራስዎ ዓይን ነው። ጉንጭዎ በሰደፉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካላረፈ፣ የኋላው ማነጣጠሪያ በየተኩሱ ቦታውን እየቀየረ ነው ማለት ነው። ሒሳቡም ቀላል አይደለም፤ በእርስዎ ጠመንጃ ከዓይን እስከ ዶቃዋ ያለው ርቀት ሠላሳ ስድስት ኢንች ገደማ ስለሚሆን፣ ዓይንዎ ከተለመደው ቦታ ሩብ ኢንች ብቻ ከፍ ቢል ጥይቱ ሠላሳ ያርድ ላይ ሰባት ኢንች ያህል ወደ ላይ ይሄዳል፤ አርባ ያርድ ላይ ደግሞ ዐሥር ኢንች ይደርሳል። ይህ የወፉን ጭንቅላት ከነሙሉ አንገቱ አልፎ ለመሄድ ይበቃል።

እዚህ ላይ መነጽርዎን እጠረጥራለሁ። ዕድሜ ሲገፋ ቅርብ ያለ ነገር ስለሚደበዝዝ፣ ከታች የማንበቢያ ክፍል ያለው መነጽር የሚያደርግ ሰው ዶቃዋን አጥርቶ ለማየት ሳያስበው አገጩን ቀና ያደርጋል። አገጩ ቀና ሲል ጉንጩ ከሰደፉ ይለቃል፤ ዓይኑም ከፍ ይላል። ወደ ሥራ ቤቴ "ይህ ጠመንጃ ወደ ላይ ይተኩሳል" ተብለው ከሚመጡ ሾትገኖች ብዙዎቹ ምንም እንከን የሌላቸው፣ ባለቤቶቻቸው ግን እንዲህ ዓይነት መነጽር የሚያደርጉ ናቸው።

ቢሆንም ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለምና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ጠዋት በተኩስ መለማመጃ ቦታ ያሳልፉ። ጎንና ጎኑ ቢያንስ ሦስት ጫማ የሆነ ወረቀት ይዘርጉና መሐሉ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነጥብ ያድርጉ። መጀመሪያ በርካሽ ቀላል ጥይት ከዐሥራ አምስት ያርድ አንድ ሁለት ጊዜ ተኩሰው አቅጣጫውን ይዩ፤ ከዚያ ለአደን የሚጠቀሙበትን ጥይትና ቾክ አድርገው፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው፣ ከአርባ ያርድ በየወረቀቱ አንድ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይተኩሱ። ጥይቶች በክብደትና በፍጥነት ስለሚለያዩ የማረፊያቸው ቦታም ይለያያል፤ ስለዚህ በርካሹ ጥይት ባዩት ላይ ብቻ አይፍረዱ። በእያንዳንዱ ወረቀት ፍሬዎቹ በብዛት ባረፉበት ዙሪያ ዲያሜትሩ 10 ኢንች የሆነ ክብ ያስምሩና ውስጡ ያሉትን ቀዳዳዎች ይቁጠሩ። የተርኪ አዳኞች በተለምዶ የሚጠይቁት ቢያንስ 100 ፍሬ በዚያ ክብ ውስጥ እንዲገኝ ነው። ቁጥሩ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ ችግሩ የቾክና የጥይት እንጂ የማነጣጠሪያ ስላልሆነ፣ የትኛውም ስኮፕ አያድነውም፤ ወይ ጥይቱን ይቀይሩ ወይ ርቀቱን ያሳጥሩ።

ይህን ከጨረሱ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለውን ይሥሩ፦ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጀርባዎን ለአንድ ነገር አስደግፈው፣ ጠመንጃውን በጉልበትዎ ላይ አሳርፈው፣ ጓንትዎንና የፊት መሸፈኛዎን አድርገው ከሠላሳ ያርድ ይተኩሱ። ከጠረጴዛው ላይ ሲተኩሱ የክቡ መሐል ነጥቡ ላይ ወድቆ፣ ተቀምጠው ሲተኩሱ ግን ወደ ላይ ከሄደ፣ ጥፋቱ የአንገትዎና የጉንጭዎ ነው። በሁለቱም መንገድ ወደ አንድ ወገን ሦስት አራት ኢንች የሚያዛንፍ ከሆነ ደግሞ በርሜሉ ራሱ እንደዚያ ይተኩሳል ማለት ነው፤ ይህ በሾትገኖች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዶቃዋ ደግሞ ወደ የትም አትስተካከልም። በሁለቱም ሁኔታ ማነጣጠሪያውን መቀየር ተገቢ ይሆናል። ሁሉም ነጥቡ ላይ ከዋለ ግን ዶቃዋን ይዘው ይቀጥሉ፤ ገንዘብዎንም ለጥይት ያውሉት።

የወዳጅዎን ስኮፕ የማልቀበለው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የእይታው ስፋት ነው። እንዲህ ዓይነት ስኮፕ በሦስት እጥፍ ላይ ሆኖ መቶ ያርድ ላይ የሚያሳየው ስፋት በአብዛኛው ሠላሳ ሦስት ጫማ አካባቢ ስለሆነ፣ ዐሥራ አምስት ያርድ ላይ የሚቀርልዎት አምስት ጫማ ብቻ ነው፤ በዘጠኝ እጥፍ ከተረሳ ደግሞ ሁለት ጫማ አካባቢ ይሆናል። ተርኪ ድምፁን አስመስለው ሲጠሩት ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ በቁጥቋጦ ዞሮ በግራዎ ዐሥራ ሁለት ያርድ ላይ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ በስኮፑ ውስጥ የሚታየዎት ላባ ወይም ቅጠል እንጂ ወፍ አይሆንም። ሁለተኛው የዓይን ርቀት ነው። ስኮፑ የሚታየው ዓይንዎ ከመስታወቱ ሦስት ኢንች ተኩል ገደማ ሲርቅ ነው፤ የ12 ጌጅ ባለ 3 ኢንች የተርኪ ጥይት ደግሞ ርግጫው ከብዙ የአጋዘን ጠመንጃዎች ይብሳል። ጀርባው ግንድ የተደገፈ ሰው ገላው ወደ ኋላ ስለማይሸሽ፣ አንገቱንም አስግጎ ስለሚያነጣጥር፣ የስኮፑ ጠርዝ ቅንድቡን የመሰንጠቁ ዕድል ከፍተኛ ነው። አንዳንድ ሻጮች የአጋዘን ስኮፕ በቅርብ ርቀት ማነጣጠሪያውን ያዛባል ብለው ሲያስፈራሩ እሰማለሁ፤ እርሱ እንኳ በዚህ ርቀት ከግማሽ ኢንች ብዙም ስለማያልፍ በፍሬዎቹ ስፋት ውስጥ ይጠፋል። ስኮፕ የግድ ነው የሚል ሰው ከአንድ እጥፍ የሚጀምር፣ የዓይን ርቀቱ ረዘም ያለና መሐሉ ላይ ክብ ምልክት ያለበት ለሾትገን የተሠራ ቢመርጥ አልቃወመውም።

ከፊት ቀይ፣ ከኋላ ሁለት አረንጓዴ የሚያበሩ የፋይበር ኦፕቲክ ማነጣጠሪያዎች በዋጋ ርካሽ ናቸው፤ ባትሪ አይፈልጉም፤ ይስተካከላሉ፤ ከክላሽ ጋር ለተለማመደ ሰውም አዲስ ትምህርት አያስፈልጋቸውም። ለሠላሳ ዓመት ሰው ቢሆን ኖሮ በእነርሱ ላይ ባቆምኩ ነበር። ለእርስዎ ግን የኋላው ለዓይንዎ እጅግ ቅርብ ስለሚሆን ይደበዝዛል፤ እንደገናም አገጭዎን ቀና ያደርጉ ይሆናል። ከመረጧቸው በብሎን የሚታሰሩትን ይግዙ፤ በበርሜሉ አናት ላይ ተቆንጥጠው የሚገቡት በርግጫው ብዛት ይላላሉ።

ለዓይንዎ የሚስማማው ሬድ ዶት፣ ማለትም በትንሽ የመስታወት መስኮት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ በባትሪ የሚሠራ ማነጣጠሪያ ነው። ምንም አያጎላም፤ ቀይዋ ነጥብ ግን ከወፉ ጋር በአንድ ርቀት ላይ ያለች መስላ ስለምትታይ፣ ዓይንዎ በቅርብና በሩቅ መካከል መመላለሱ ይቀራል፤ የመነጽርዎን የላይኛውን ክፍል ብቻ ይጠቀማሉ። ጉንጭዎ ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ነጥቧ በመስኮቱ ውስጥ እስከታየች ድረስ ጥይቱ ወደ ነጥቧ ይሄዳል፤ ዓይንዎም ከመሣሪያው የፈለገውን ያህል ቢርቅ ችግር የለውም። ሁለቱንም ዓይን ከፍተው መተኮስ ስለሚችሉ ከጎን የሚመጣውን ሌላ ወፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ያያሉ። የነጥቧ መጠን ሦስት ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ የሆነ የማዕዘን መለኪያ ነው) ቢሆን አርባ ያርድ ላይ የምትሸፍነው ከአንድ ኢንች ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ሱቅ ውስጥ ሳሉ ያረጋግጡ፦ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛነፍ) ያለበት ዓይን ነጥቧን እንደ ተበታተነ ኮከብ ያያታል። እንዲያ ከታየችዎ ብርሃኑን ቀንሰው፣ በስልክዎ ካሜራ በመስኮቱ በኩል ይመልከቷት፤ በካሜራው ጥርት ብላ ከታየች እንከኑ የዕቃው ሳይሆን የዓይንዎ ነው። ያን ጊዜ ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸበት፣ ሳያጎላ የሚያሳይ፣ ፕሪዝም የሚባለው ማነጣጠሪያ ይሻልዎታል።

አገጣጠሙን በተመለከተ፣ የሞስበርግ 500 አካል አሉሚኒየም ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተሠሩትም ከላይ ተበስተውና ጥርስ ወጥቶላቸው፣ ቀዳዳዎቹ በትናንሽ ብሎኖች ተደፍነው ይመጣሉ። የእርስዎ ከተደፈኑት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ካልሆነ ለባለሙያ ይስጡት እንጂ ቤት ውስጥ በድሪል አይሞክሩት። ቀዳዳዎቹን ከዘይት በአልኮል ያጽዱ፤ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ያድርጉ፤ በጉልበት አያጥብቁ፤ የአሉሚኒየም ጥርስ በቀላሉ ይበላል። ከዚያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ፓምፑን (ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች እጀታ) ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሳቡት፤ ከነካ ብሎኑ ረዝሞ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ሊያጥር ይገባል። ማሰሪያው በተቻለ መጠን ዝቅ ያለ ይሁን። ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ትከሻዎ ላይ ያሳርፉና ይግለጡ፤ ነጥቧን ለማግኘት ራስዎን ማንሳት ካስፈለገዎት በሰደፉ ላይ የሚታሰር የጉንጭ ማስደገፊያ ይጨምሩ።

ሲያስተካክሉ መጀመሪያ ሃያ ያርድ ላይ፣ ቀጥሎ አርባ ያርድ ላይ ይሥሩ። አንድ ኤምኦኤ አርባ ያርድ ላይ አራት ዐሥረኛ ኢንች ገደማ ስለሆነ፣ የክቡ መሐል አራት ኢንች ወደ ላይ ከሄደ በየጠቅታው አንድ ኤምኦኤ በሚንቀሳቀስ ሬድ ዶት ላይ ወደ ታች ዐሥር ጠቅታ ያህል ይዙሩ። ባትሪውን በየዓመቱ ከወቅቱ በፊት ይቀይሩ፤ ትርፍ ባትሪም ኪስዎ ውስጥ ይኑር። በቨርጂኒያ ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ስለሆነ፣ በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃኗ የበዛ ነጥብ ጭንቅላቱን ትሸፍናለች፤ ልክ እስክትታይ ድረስ ብቻ ያብሯት። በፀደይ የሚፈቀደው ጺም (ከደረቱ የሚንጠለጠል ጭራ መሰል ላባ) ያለው ተርኪ ብቻ ስለሆነ ጺሙን በባይናኩላር ይለዩ፤ ምን እንደሆነ ወዳላወቁት ነገር አፈሙዝ አያዙሩ።

ተኩሱ ሲደርስ ነጥቧን የአንገቱ ላባ አልቆ ባዶው ቆዳ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያሳርፉ፤ ጭንቅላቱ ላይ ካሳረፏት የፍሬዎቹ ግማሽ ከላይ ይባክናል። ወፉ ጅራቱን ነፍቶ አንገቱን ወደ ገላው ከሰበሰበ አይተኩሱ፤ በመጥሪያዎ አጠር ያለች ድምፅ ያሰሙት፤ ወፉ ብዙውን ጊዜ ቆም ብሎ አንገቱን ይመዝዛል፤ ቃታው የሚሳበው ያን ጊዜ ነው።