በየትኛው ሜታል ላይ ልሥራ ብላ ለጠየቀችኝ ተማሪና ለእኩዮቿ

ውድ ልጆቼ፣

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቅርቡ «ፕሮፌሰር፣ በኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ብዙ ሳይቴሽን የሚያስገኘው በየትኛው ሜታል ላይ ብሠራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ካርቦን ከሜታል ጋር የተያያዘባቸውን ውህዶች የሚያጠና ዘርፍ ነው፤ ሳይቴሽን ደግሞ አንድ ጽሑፍ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፍ በምንጭነት መጠቀሱ ነው። ጥያቄዋ ቅን ነው፤ እኔን ግን ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረውን አንድ ተማሪዬን አስታወሰኝ።

ልጁ አየር ሲነካቸው የሚበላሹ የኒኬል ውህዶችን ይሠራ ነበር። ማሟሚያ ፈሳሹን ቶሉዊን ከሶዲየምና ቤንዞፌኖን ከተባለ ውህድ ጋር እያፈላ፣ ውሃና ኦክስጅን ተሟጥጠው መውጣታቸውን የሚያበስረው ድፍን ሰማያዊ ቀለም እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቃል። መብራትም ውሃም በሚቆራረጥበት በዚያ ዘመን፣ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገውን ኮንደንሰር የሚያቀዘቅዘው ውሃ መዳከሙን ከድምፁ ብቻ ለይቶ፣ ሌሎቻችን ነገሩን ሳናስተውል ማሞቂያውን ከሥር ያወጣው ነበር። ቀያዮቹ ክሪስታሎች በናይትሮጅን ውስጥ ሲያድሩ አየር እንዳይገባ የሚዘጋው የቧንቧው ቅባት ትንሽ እንኳ ከሳሳ ጠዋት ቡናማ ዱቄት ሆነው ይገኛሉ። ጠብታው በስንት ደቂቃ እንደገባ፣ ቀለሙ መቼ እንደተለወጠ፣ ያልተሳካው የትኛው ሙከራ እንደነበረ አንድ ሳያስቀር በደብተሩ ያሰፍር ነበር። እንደዚያ ያለ ደብተር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሥራው ታተመ፤ የጠቀሰው ሰው ግን አልነበረም። ቅጥሩ ይራዘም አይራዘም የሚወስነው ኮሚቴ በተሰበሰበ ጊዜ የሥራውን ጥራት ባስረዳም፣ የቀረበው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?» የሚል ብቻ ሆነ። ልጁ ወደ መድኃኒት አስመጪነት ገባ። ከዓመታት በኋላ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ አሠራሩን ተከትሎ በመጀመሪያው ሙከራ እንደተሳካለት ጽፎ ሲያመሰግን፣ ደብዳቤውን በስልክ አነበብኩለት። «ቀዩ ነው የወጣለት?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ኮሚቴው ከጥበቡ ታሪክ ምንም አልተማረም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሪቻርድ ሄክ ገና የኩባንያ ኬሚስት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ መጽሔት ላይ ሰባት ተከታታይ ጽሑፎችን ብቻውን አሳተመ፤ በፓላዲየም አማካይነት ካርቦንን ከካርቦን የሚያገናኘው የዛሬው ታዋቂ አሠራር ከእነዚያ ሥራዎች የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ በ1989 ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጣው የምርምር ገንዘብ አጥሮት ሲሆን፣ ከኔጊሺና ከሱዙኪ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ2010 ነው። ሱዙኪና ሚያውራም ቦሮንን ተጠቅመው የራሳቸውን ግኝት ያሳተሙት በ1979 ሲሆን፣ ከዚያ ጽሑፍ ይልቅ በ1995 ያወጡት የዳሰሳ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ መድኃኒት የሚሠራው ኬሚስት ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ፈረንሳዊው ኬሚስት ግሪኛር በማግኒዥየም ላይ በ1900 ያወጣው ሥራ ደግሞ ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል እንጂ ጽሑፉን የሚጠቅሰው ከስንት አንድ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምንጭ አይጠራለትም። ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎች ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድ ቁጥር ለመለካት በ2005 ያወጣው ኤች-ኢንዴክስም ይህን ሁሉ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።

የዛሬ ወጣቶች ጽሑፍ ፈልጎ በማግኘት እኛን ታስከነዳላችሁ። ነገር ግን አብዛኞቻችሁ አጠቃሎውን አንብባችሁ የሙከራውን ዝርዝር ሳትገልጡ ታልፋላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ለኬሚስት ዋናው ንባብ ያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ክፍል ነው፤ ስትጽፉም ሌላ አገር ያለ የማታውቁት ሰው ሳይደውልላችሁ ሊደግመው እንዲችል አድርጋችሁ ጻፉት።

ይህን ስል የሳይቴሽኑን ቁጥር ናቁት ማለቴ አይደለም፤ የትምህርት ዕድልም ሥራም በእርሱ ይወሰናልና። በተለይ እኛ ኢትዮጵያውያን የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ በላቲን ፊደልም ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ስለምንጽፈው፣ የአንድ ሰው ሥራ በሁለትና በሦስት ሰው ስም ተበትኖ ይቀራል። ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ በፊት አንድ አጻጻፍ ቁረጡ፤ ተመራማሪን ከስመ ሞክሼው ለመለየት ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠውን የኦርኪድ (ORCID) መለያ ቁጥርም አውጡ።

አንቺም ልጄ፣ ሜታል ከመምረጥሽ በፊት አማካሪሽ እንዲሆን ያሰብሽውን መምህር ቤተ ሙከራ ጎብኚ፤ የተማሪዎቹን ደብተር አሳዩኝ በያቸው። ናይትሮጅኑ በወጉ ከተያዘና ያልተሳካው ሙከራም ከተሳካው እኩል ተጽፎ ካገኘሽ፣ ኒኬልም ሆነ ፓላዲየም እዚያው ጀምሪ።