ከበር ላይ ቆማችሁ «ፈንግል ነው» አትበሉ

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ በእንስሳት ሐኪምነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ ተደራጅተው የ45 ቀን ጫጩት የሚያሳድጉ ልጆች መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የወፍ ጉንፋን የሚሉት እውነት ሰው ይይዛል ወይስ የቲክቶክ ወሬ ነው?» አሉኝ። የመለስኩላቸው መልስ ራሴን ስላላረካኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ጣርማበር በኩል አንድ እናት «ዶሮዎቼ አለቁ» ብለው አስጠሩኝ። መሽቷል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ የመጣሁባት በቅሎም የሰው ናት። ከበር ላይ ቆሜ አየሁ። አንዷ ቄብ አንገቷ ተጠማዞ ትሽከረከራለች፤ ቆጡ ሥር አረንጓዴ ኩስ አለ። «ፈንግል ነው እማማ፣ የተረፉትን ቶሎ ይሽጧቸው» ብዬ ተመለስኩ። ናሙና አልወሰድኩም፣ የሞተችውን ከፍቼ አላየሁም። ጭራሽ ይሽጡ ብዬ መከርኩ!

ፈንግል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በከባድ የወፍ ጉንፋን የተያዘች ዶሮም አንገቷ ይጠማዘዛል፣ ያስቀምጣታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ማታ ደህና በልታ ያደረች ጠዋት ሞታ ትገኛለች። ሁለቱን በዓይን አትለዩዋቸውም። የሚለየው ላብራቶሪ ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። አዎ፣ ሰው ይይዛል። ኤች5ኤን1 የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገደለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ለዓለም ጤና ድርጅት ከተመዘገቡት ከ900 የሚበልጡ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ሞተዋል (ቀለል ብሎት ሐኪም ቤት ያልሄደው እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም)። ሩቅ አገር ነው እንዳትሉ። ግብፅ ላይ ብቻ ከ100 ሰው በላይ ሞቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጅቡቲ ውስጥም አንዲት ሕፃን ተይዛለች።

ደግነቱ እስካሁን ከሰው ወደ ሰው እንደ ልቡ አይተላለፍም። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጨብጠው እጀታ አለ በሉት። ለወፍ ቫይረስ የሚስማማው እጀታ በሰው አፍንጫና ጉሮሮ ብዙም የለም፤ በብዛት ያለው ሳንባ ጥልቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ መግባቱ ያስቸግረዋል፣ ከገባ ግን አያድርስ ነው። እኛን ሽማግሌዎቹን የሚያሳስበን ታዲያ ዶሮዋ ብቻ አይደለችም፤ ቫይረሱ አጥቢ እንስሳ ውስጥ በቆየ ቁጥር ለእኛ የሚስማማውን ጠባይ እየለመደ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አርጀንቲና የባሕር ዳርቻ ላይ «ሲል» የሚባሉት የባሕር እንስሳት ግልገሎች ከ17 ሺህ በላይ አለቁ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስና ካንሳስ፣ ማን ይጠረጥረው የነበረ ላም ላይ ተገኘ! ጡቷ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ወተቷ እንደ እንገር ወፍሮ ቢጫ ሆነ። ያንን ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶች ሞቱ፣ ከላሞቹ ጋር የሚውሉ ሠራተኞችም ታመሙ።

ይሄን ያነሳሁት እኛ አገር ወተት ከላሟ ሥር ትኩሱን መጠጣት እንደ ጀግንነት ስለሚታይ ነው። አፍሉት በቃ። ሲፈላ ቫይረሱ ይሞታል። (የከብት ሳንባ ነቀርሳውም እንዲሁ፤ በእሱ ስንት ዓመት ለፍልፌ ሰሚ አጥቻለሁ።)

ዶሮ ወጥም አትፍሩ። በ1998 ዓ.ም. ወሬው ብቻ ገበያውን ገድሎት ሰው ዶሮ መብላት ፈርቶ ነበር። እሳት ላይ ስንት ሰዓት ሲንተከተክ የዋለ ወጥ ምን ያደርጋል? አደጋው ያለው የታመመችውን ስታርዱና ስትነጩ፣ ኩሱን ስትጠርጉ ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የሞተውንም ገደል አትወርውሩ። ውሻ ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል። የመንዝ ልጆች ደግሞ ጓሳ ላይ ያለችውን ቀይ ቀበሮ አስቡልኝ፤ በቁጥር የቀሩት ጥቂት ናቸው። በጥልቅ ቅበሩት፣ ኖራ ነስንሱበት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ የፈንግል ክትባቱን በሰዓቱ ያገኘ መንጋ በድንገት በጅምላ መሞት ከጀመረ እዚያው ቁሙና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ናሙናው ሰበታ ያለው የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ድረስ ተልኮ ይመርመር። ብድር ወስዳችሁ እንደጀመራችሁ አውቃለሁ፤ «ከተናገርን ዶሮዎቹን ሁሉ ያስወግዱብናል» የሚለው ስጋታችሁም ይገባኛል፣ የውሸት ስጋትም አይደለም። ባለሙያው መጥቶ ከበር ላይ ቆሞ ስም ሊሰጠው ከሞከረ ግን ግባና እይ በሉት።

እኚያ እናት በማግስቱ የተረፉትን ሰባት ዶሮዎች በቅርጫት ይዘው ደብረ ሲና ገበያ ወረዱ። ለምክሬም ብለው ስድስት እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ላኩልኝ። ቀቅዬ በላኋቸው።