ወግ አጥባቂ ሰው ምን እንደሚፈራ ጠይቁት

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ እድሜዬን ጎጃም ውስጥ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ስዘዋወር ነው የኖርኩት፣ እና አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ተምራችሁ ስትመጡ ወግ የሚያጠብቀውን ሁሉ ኋላ ቀር ትሉታላችሁ፣ እኔ ያየሁት ግን እንደዛ አይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ አደጋ ቶሎ የሚታየው ሰው መሆኑን ነው።

ደጀን አፋፉ ላይ የሚኖረውን ገበሬ እዩት። ማሳው ታች አባይ በረሃ ነው፣ ቀን ወርዶ ያርሳል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሬዎቹን ነድቶ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ያን ሁሉ ዳገት ይወጣል እንጂ እዛ አያድርም። ለምን ስትሉት «ንዳድ አለ፣ አባቶቻችንም አያድሩም ነበር» ይላችኋል፣ በቃ። ስለ ትንኝ አንድ ቃል አይወጣውም፣ ግን የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከመሸ ነው፣ ደጋው ብርድ ደግሞ ለወባ አይመችም፣ ስለዚህ ሰውዬው ልክ ነው። እርግጥ ይሄ ሁሌ አያድንም፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥታ በሀገራችን 150,000 ገደማ ሰው እንደጨረሰች ይገመታል።

በጥናትም የታየ ነገር ነው። የባህል ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼል ጌልፋንድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የ33 ሀገሮች ጥናት ጦርነት፣ በሽታና የምግብ እጥረት የተመላለሰባቸው ማህበረሰቦች ደንባቸው ጠበቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፣ በ2023 የወጣ የ27 ሀገሮች ጥናት ደግሞ በብዙዎቹ ወግ የሚያከብሩት በኮቪድ ጊዜ የበለጠ ይጠነቀቁ እንደነበር አሳይቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣዋል ማለት ግን አይደለም፣ መያያዛቸው ነው የታየው።

ፍርሃቱ ልክ ሆኖ መፍትሄው የሚገድልበትም አለ፣ እንጥል ማስቆረጥ እኮ እንደዛ ነው! ልጄ ታፍኖ ይሞትብኛል ብላ ነው እናት የምትወስደው፣ ከዛ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይመጣል። እሷን «አላዋቂ» ካላችኋት ሁለተኛ አትመጣም። «እናቴ፣ ጉሮሮው ሲያብጥ መፍራትሽ ልክ ነው፣ እንደዛ ሲሆን ሳታሳድሪ ወደኛ አምጭው» በሏት፣ ያቺው ፈሪ እናት ጎረቤቷንም ይዛ ትመጣለች፣ እኔ በዚህ መንገድ ነው ስሰራ የኖርኩት።

መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የምትወርዱ ልጆች ደግሞ እዛ ማደራችሁ ስለማይቀር አጎበር ያዙ፣ ትኩሳት ከጀመራችሁ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።