ቀለበቱን ለምን አይጥለውም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ቀለበት ነው፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በጻፈው ታሪክ ውስጥ ስላለው። ክረምት ሲገባ የከተማችን ወጣት ሁሉ ፊልም ላይ ይወድቃል መሰለኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ መልሱም ረዝሞብኛል። ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የማራኪ ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በአማርኛ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የጎንደርን ዘመን በሚመስል፣ እኔ በፈጠርኩት አገር የሚሆን ታሪክ ነው። አንድ ክፉ ቀጥቃጭ ከመናፍስት ጋር ተማምሎ የብር ቀለበት ይሠራል። ያጠለቀው ሰው ይሰወራል፤ ያዘዘውም ይሆንለታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ደግ ወጣት ነው፤ ቀለበቱ እጁ ሲገባ ግን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ክፉ ይሆናል። ጓደኞቼ አንብበው «ደግ ከሆነ ለምን አይጥለውም? ወይ ለምን በጎ ነገር አይሠራበትም?» ብለው አፋጠጡኝ። መልስ አጣሁ። ቶልኪን ይህን እንዴት ተወጣው?

መልስ፦ ጓደኞችህን አትቀየማቸው፤ ደህና አንባቢዎች ናቸው። ደግ ልጅን በአንድ ምዕራፍ ክፉ ማድረግ በአንድ ሌሊት ጠላ ጠምቆ ለእንግዳ ማቅረብ ነው። ማንም አይጠጣልህም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ በታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ቀለበቱ ማንንም «ና፣ ክፉ ሁን» ብሎ አይጠራም። እያንዳንዱን የሚይዘው በሚወደው ነገር ነው። ጦረኛውን ቦሮሚርን ተመልከተው። ዓለምን ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው አይደለም። የአባቱ ከተማ በጠላት ልትዋጥ ነው። መሣሪያው እጃችን ላይ እያለ ለምን ወስደን እናጠፋዋለን ይላል። እኔም እዚያ ብቀመጥ ይህንኑ የምል ይመስለኛል። ከዚያ ቀለበቱን ሊያጠፋ የተሸከመውን ፍሮዶን ብቻውን ሲያገኘው መጀመሪያ ያባብለዋል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ በመጨረሻ ሊነጥቀው ይዘላል። አንባቢ ይህን የሚቀበለው ቦሮሚር ከብዙ ምዕራፍ በፊት ጀምሮ ዓይኑ ከቀለበቱ ስላልተነቀለ ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት የነበረው ኢሲልዱርም እንዲሁ። ቀለበቱን ከሠሪው ከክፉው ከሳውሮን እጅ ቆርጦ ወሰደ። ቀለበቱን ማጥፋት የሚችለው የእሳተ ገሞራው እሳት ቅርብ ነበር። አጥፋው ቢሉት እምቢ አለ፤ የአባቴና የወንድሜ የደም ካሳ ነው ብሎ። እኛ አገር ስንት ሽማግሌ ይህን ቢሰማ «እውነቱን ነው» ይል ነበር!

ጠቢቡ ጋንዳልፍ ግን አስቀድሞ ገብቶታል። ፍሮዶ በገዛ እጁ «እንካ» ሲለው ይደነግጣል። የገዛ ርኅራኄውን ነው የፈራው። ለደካማ አዝኖ፣ በጎ ልሥራ ብሎ እንደሚያጠልቀው፣ ካጠለቀው በኋላ ደግሞ እንደማይመለስ ያውቃል። «ለምን በጎ አይሠራበትም» ላሉህ ልጆች መልሱ ይኸው ነው። ቀለበቱ የሚገባው በዚያው በር ነው።

እና ያንተ ልጅ ምን ይወዳል? ደግ መሆኑን ነገርከኝ፤ የሚወደውን ግን አልነገርከኝም። እናቱ ታመውበታል? የአባቱ መሬት በክርክር ተይዟል? ይህን ሳታውቅ ቀለበቱን አትስጠው።

ሁለተኛው ምክሬ፦ ከመግደሉ በፊት ይዋሽ። ቶልኪን ከዚህ ታሪክ ቀድሞ በ1937 ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ አለ፤ ለፍሮዶ ያወረሰው ዘመዱ ቢልቦ ቀለበቱን ያገኘው እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያው እትም ከቢልቦ በፊት ቀለበቱን የያዘው ፍጡር ጎለም በእንቆቅልሽ ቢሸነፍ ቀለበቱን ሊሰጥ ይወራረዳል። በኋላ ታላቁ ታሪክ ሲጻፍ ይህ አልሆን አለ። እንዲህ ያለ ቀለበት ማን ለውርርድ ያቀርባል? ስለዚህ ደራሲው ያንን ምዕራፍ አሻሽሎ በ1951 አሳተመው። የፊተኛውን ትረካ ግን አልጣለውም። ቢልቦ ራሱ የፈጠረው ውሸት ነበር አለ! ይህ ብልሃት ሁሌም ይገርመኛል። ቢልቦ ጨዋ ሰው ነው፤ ጎረቤት የሚያከብረው። ቀለበቱን ወድቆ አገኘው፤ አልሰረቀም። ያም ሆኖ ገና ከመጀመሪያው፣ «በደንብ የተሰጠኝ ነው» ለማለት ታሪኩን አጣመመ። ጎለምም እንደዚያው ነው። ጓደኛው ከወንዝ ሥር ያወጣውን ቀለበት አንቆ ገድሎ ወሰደበት፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ «የልደት ስጦታዬ ነው» እያለ ኖረ። አንዱ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ አንዱ ጨዋ። ውሸታቸው ግን ወንድማማች ነው።

አንተም እንዲሁ አድርግ። እናቱ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ትበለው። «ቅዳሜ ገበያ ገዛሁት» ይበል። ደም የለ፣ መብረቅ የለ። አንባቢህ ያኔ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

«ለምን አይጥለውም» ለሚለው ደግሞ አንድ ቦታ ላሳይህ። ፍሮዶና ጋንዳልፍ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ገና ጉዞ የለም፣ ጦርነት የለም። ፍሮዶ ቀለበቱን ከወረሰ 17 ዓመት ሆኖታል (ፊልሙ ይህን ጊዜ አሳጥሮታል)። የሰማው ታሪክ አስፈርቶታል፤ እሳት ውስጥ ልወርውረው ብሎ ከኪሱ ያወጣዋል። ወርቁ ያምራል። ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው። በመዳፉ ይመዝነዋል። እንደምንም ብሎ ሊወረውር እጁን ያንቀሳቅሳል። ቀጥሎ ሲያይ ኪሱ ውስጥ መልሶታል። ያ የቤት እሳት ደግሞ ተራ ወርቅ እንኳ የማያቀልጥ ነው! ቢወረውረውም ምንም አይሆንም ነበር። ቶልኪን «ፍሮዶ ተፈተነ» ብሎ አልሰበከም። እጁን ብቻ አሳየን።

መጨረሻ ላይም፣ ያንን ሁሉ መከራ አልፎ እሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ፍሮዶ አልጣለውም። የእኔ ነው አለ። ጎለም ጣቱን ነክሶ ቆርጦ፣ ቀለበቱን ይዞ በደስታ ሲዘል ነው ተሰናክሎ የወደቀው። ጀግናው ወድቆ ዓለም ዳነ። ጓደኞችህ በዚህም ይከራከሩህ፤ ክርክሩ ለመጽሐፍህ ይጠቅማል።

የሰጠስ ሰው የለም? አለ። ቢልቦ ከ60 ዓመት በኋላ ትቶት ሄዷል፤ ያውም ጋንዳልፍ ስንት ገፍቶት፣ ፖስታው ውስጥ ከቶ እንደገና ኪሱ ጨምሮት፣ ተቆጥቶ፣ ተጣልቶ። የፍሮዶ አገልጋይ ሳም ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይዞ መልሷል። ሳም አትክልተኛ ነው። ቀለበቱ የጠላት ምድር በሙሉ የእሱ የአትክልት ቦታ ሲሆን አሳየው። ሳም ግን ለእኔ አንዲት ጓሮ ትበቃኛለች፣ እሷንም በገዛ እጄ ቆፍሬ ነው አለ። ከእኛ ታሪክ ብትፈልግ አፄ ካሌብ አሉልህ። ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደገቡ ትውፊታችን ይናገራል። ታሪክህ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ አንባቢ የቀለበቱን ክብደት የሚለካበት ያጣል።

መሰወርን በተመለከተ ምረጥ። በግሪኩ ፈላስፋ በፕላቶን «ፖሊቴያ» በተባለው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ላይ የአንድ እረኛ ቀለበት አለ። መሬት ተሰንጥቃ ከጉድጓድ ያገኘዋል። ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞር ይሰወራል። ንግሥቲቱን አባብሎ፣ ንጉሡን ገድሎ ነገሠ። ያ ቀለበት ፈቃድ የለውም፤ ምስክር ብቻ ነው የሚያስወግድ። የቶልኪን ቀለበት ግን የሠሪው ኃይል ስላለበት ጌታውን ይፈልጋል፣ ሲያሻው ከጣት ይወልቃል። ያንተ የትኛው ነው? ሁለቱንም ካልክ ልጁ ያጠፋው በራሱ ነው ወይስ በቀለበቱ፣ አይለይም።

አሁን የምቆጣህ ነገር አለ። ቀጥቃጭህ ለምን ክፉ ሆነ? ቶልኪን ሠሪውን ሳውሮንን ክፉ አድርጓል፤ ግን እንግሊዝ አገር በዚያ ምክንያት የሚጎዳ አንጥረኛ የለም። ጎንደር ሌላ ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ወለቃ ላይ፣ ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የምናርስበትን ማረሻ ከእጃቸው ተቀብለን «ቡዳ» ስንላቸው ኖረናል። ያንን አሮጌ ስም ማጥፋት አዲስ ልብስ አታልብሰው። ቀለበቱን ያዘዘው መኳንንት ክፉ ይሁን፤ ቀጥቃጩ ደግሞ ምን እንደሠራ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ይሁን። ታሪክህም ያምርበታል።

አንባቢህ ቀለበትን እንደማይፈራም አትርሳ። በክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ቀለበቱን የሰጣት የሚወለደው ልጅ እንዲታወቅበት ነው። እኛ ቀለበት ስንል የአባትን ምልክት እናስባለን፣ ሠርግ እናስባለን። መጀመሪያ በዚያ ሙቀት አስገባን። የምትጎዳን በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። እኔና ጓደኛዬ በቢራ ተወራርደናል። እኔ ቀለበቱ አቶም ቦምብ ነው እላለሁ። እሱ የለም፣ ወንበር ነው፣ ሥልጣን ማለት ነው ይላል። ማን ይክፈል?

መልስ፦ አንተ ክፈል። ቶልኪን ራሱ በሁለተኛው እትም መግቢያ ላይ ታሪኩ የዓለም ጦርነት ምሳሌ አይደለም ብሏል። እንደ ጦርነቱ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ አይጠፋም ነበር፤ ወስደው በሳውሮን ላይ ያዞሩት ነበር ብሎ ተከራክሯል። ጓደኛህ ቀርቧል፤ ግን ግማሽ ቢራ ነው የሚገባው። ወንበርና ኃይል ሁሌ አብረው እንደማይሄዱ የጎንደር ሰው ሊጠፋው አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ ዘውዱ ግቢው ውስጥ ቀረ፤ ጉልበቱ ራሶቹ ጋ ሄደ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አስታውሱ፣ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉትን። ከ1779 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። የሳውሮን ቀለበት ቢያንስ ኃይል አለው። ያ ዘውድ እኮ ምንም አያዝም ነበር! ሰው ግን ይመለስለታል። የእኛው ታሪክ በዚህ ከምናቡ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ከቀሃ ኢየሱስ ሰፈር ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ ይህን ታሪክ ካላነበብኩ ብሎ አስቸግሮኛል። የንስሐ አባታችን አስማት ያለበት መጽሐፍ ቤት አይግባ ብለዋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከንስሐ አባትዎ ጋር አልጣላም። ጎንደር ላይ አስማት ሲባል ተረት አይደለም። ማኅተመ ሰሎሞን የተሣለበትን ክታብ አንገቱ ላይ ያሠረ፣ መስተፋቅር ፍለጋ ገንዘቡን የበተነ ስንቱን አይተዋል። መፍራታቸው ከዚያ ነው። ይህ መጽሐፍ ግን ድግምት አያስተምርም። ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው አንድ አስማተኛ ዕቃ አልፈልግም ስለማለት ነው።

ደራሲው አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩ። እናታቸው የሞቱት ልክ ልጅዎ ዕድሜ ላይ ሳሉ፣ በ12 ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቄስ በአሳዳጊነት ተረክበዋቸዋል። ቀለበቱ የሚጠፋበት ቀንም በፈረንጆቹ ማርች 25 ነው፤ ምዕራባውያን የገብርኤልን ብሥራት የሚያከብሩበት፣ ለእኛ መጋቢት 29 የሚሆነው በዓል ማለት ነው። ይህን ለአባታችን ይንገሩልኝ። ከቻሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጽ ሁለተኛ ምዕራፍ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው፤ ፍሮዶ ጎለም መሞት ነበረበት ሲል ጋንዳልፍ የሚመልስለት እዚያ ነው። ከሰሙ በኋላም አይሆንም ካሉ የእርሳቸው ይሁን።

ከፈቀዱ መጽሐፉን ያስቀድሙ፤ ፊልሞቹ ጦርነት ይበዛባቸዋል፣ ለዕድሜውም ይከብዳሉ። ትልቋ ሸረሪት ያለችበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ቀን ቀን ያንብብ። ማታ ካነበበው እርስዎ ነዎት የማይተኙት።